የቡሌ ሙሽሮችና ጆሮ የሌለው ቀጭኔ

በቀድሞው ዘመን ሙሽራው ሙሽሪትን ይዞ ከአማቶቹ ደጅ ተነሥቶ ከአባቱ ደጅ ሲደርስ የሠርጉ ሥርዓት ተፈጸመ ይባል ነበር፤ በዛሬው ዘመን ግን ካህን ቢባርክ፥ ፓስተር ቢጸልይ፥ ሽማግሌ ቢመርቅ፥ ሙሽሮቹ ወደ አንድ ሪዞርት ሄደው በሣር ላይ ካልሮጡና በውኃ ዳር ቆመው የምትጠልቀውን ፀሐይ በመዳፋቸው የያዟት መስለው ካልተነሡ፥ ጋብቻው ጸና ብሎ የሚያምን ዘመድ ማግኘት ጭንቅ ነው።

ይህ ቀኖና ቡሌ ድረስ መዝለቁን ያየሁት አንድ የሥራ ባልደረባዬ በጥር ወር ሲያገባ ነው። ቡሌ ከዲላ በስተምሥራቅ ሽቅብ የሚወጣባት የጌዴኦ ደጋ ናት፤ ዲላ በ1,570 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣ ከቡና ነጋዴዎቿ ጋር ላቧን ስትጠርግ፥ ቡሌ ከበላይዋ ጉሟን ለብሳ፥ ገብሷንና ባቄላዋን እየዘራች፥ በእንሰቷና በቀርከሃዋ መካከል ትኖራለች፤ እንዲህ ካለ አገር ውበት ፍለጋ ወደ ታች የሚወርድ ሰው ምን እንደ ጎደለበት ለእኔ እስካሁን አልተገለጠልኝም። ቪዲዮ አንሺው ግን «ጉም ባለበት ሎኬሽን አይሠራም» ብሎ ፈርዶ ነበርና፥ በመልሱ ማግስት፥ ገና ጎሕ ሳይቀድ፥ በሁለት አባዱላ ተጭነን ወደ ሀዋሳ ሐይቅ ዳር ጉዞ ጀመርን።

ከመንገደኛው ሁሉ የሚያስገርሙት የሙሽራው አጎት ነበሩ። በሶንጎ፥ ማለት በጌዴኦ የሽማግሎች ሸንጎ፥ ተቀምጠው የሰው ጠብ ሲያበርዱ የኖሩ፥ ንግግራቸው አጭር፥ ዝምታቸው ረጅም የሆነ ሽማግሌ ናቸው። ዲላ ስንደርስ ቡሉኮአቸውን፥ ተፈሪ ኬላ ስንደርስ ሹራባቸውን አውልቀው በጉልበታቸው ላይ አጣጥፈው አኖሩ፤ ከኋላ ወጣቶቹ በጌዴኦኛ መዝሙር መኪናውን ሲያናውጡት እርሳቸው ግንባራቸውን ከመስኮቱ አስደግፈው፥ ከዲላ እስከ ሀዋሳ ባለው 90 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ግራና ቀኝ ያለውን የሰው እንሰት ሁሉ አንድ በአንድ ይመረምሩ ነበር። «እዚህ ቤት ሰው ታሟል» ይላሉ፤ ጥቂት ቆይተው ደግሞ «ይህችኛዪቱ ጎበዝ ሴት ናት» ይላሉ። ከምን እንዳወቁት ስጠይቃቸው፥ «ልጄ፥ የደረቀውን ቅጠል ማን እንዳነሣውና ማን እንዳላነሣው አታይም?» አሉኝ። ማየቱን አየሁ፤ ልዩነቱ ግን አልታየኝም።

ከሪዞርቱ በር ላይ ሁለት የሲሚንቶ አንበሶች ተቀብለውን ነበር፤ አንደኛው ግርማው ሙሉ ሲሆን ሁለተኛው የታች መንጋጋው ወድቆ፥ በመደነቅ አፉን ከፍቶ የቀረ ይመስላል። በዚያ በር ላይ ለሰው አንድ ክፍያ፥ ለፎቶ ካሜራ ሌላ፥ ለቪዲዮ ካሜራ ከሁሉ የበለጠ ክፍያ ተጽፏል፤ እኛ ሥጋና ደም የለበስነው ሁሉ ተደምረን ያንን መነጽር አላከልነውም። አጎትየው ደረሰኙን ገልብጠው አዩና ቲኬት ቆራጯን በትሕትና ጠየቋት፦

«ይህ ገንዘብ ለምንድን ነው ልጄ?»

«ለመግቢያ ነው ጋሼ።»

«እሺ። ከገባን በኋላ ላለውስ ማን ይከፍላል?»

ልጅቱ ሣቀች፤ እርሳቸው ግን መልሱን እየጠበቁ ነበር።

በውስጥ ያየነውን ሁሉ መተረክ የባለቤቱን ስም ባልጠራም ኃጢአት እንዳይሆንብኝ እፈራለሁ። ፋውንቴኑ ደርቆ በሆዱ የፕላስቲክ ጠርሙሶችንና አንድ ነጠላ ጫማ ይዟል፤ የተሽከርካሪዎቹ ፈረሶች ጅራት ተነቅሎ ፋይበር ግላሱ ተሰንጥቋል፤ የሕፃናቱ ሸርተቴ መካከሉ ላይ ተቀዶ፥ የሚንሸራተተውን ልጅ ከነሱሪው የሚያሰናብት አይመስልም። በመጸዳጃ ቤቱ በር ላይ «ለጥገና ተዘግቷል» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ወረቀቱ ራሱ ግን በፀሐይ ቢጫ ሆኖ፥ ጠርዙ ተቦጫጭቆ፥ በራሱ ጥገና የሚሻበት ዕድሜ ላይ ደርሷል። በሣሩ መካከል የቆመው የሲሚንቶ ቀጭኔ ጆሮዎቹ ረግፈው በምትካቸው ዝገት የበላቸው ሁለት ፌሮዎች ወደ ሰማይ ይጠቁማሉ። በግቢው ውስጥ ምንም ነቁጥ ያልተገኘበት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እርሱም ሪዞርቱ የተመረቀበትን ቀንና የመራቂውን ማዕረግ በወርቅ ቀለም የያዘው እብነ በረድ ነው። በጨርቅ ሲወለወል እንደሚኖር ያስታውቃል።

ይህን ፍርስራሽ ከማንም ይልቅ ጠንቅቆ የሚያውቀው ቪዲዮ አንሺያችን ሆኖ ተገኘ። ብዙ ሙሽሮችን እዚያ አንሥቷልና የትኛው ግድግዳ በየትኛው ወገኑ እንደ ተላጠ፥ የትኛው አግዳሚ ወንበር ሁለት ሰው እንደሚችልና የትኛው አንድ እንኳ እንደማይችል፥ እንደ ዳዊት ደጋሚ በቃሉ ይዞታል። «ሙሽሪት ቬሎሽን ወደ ግራ ዘርጊው፤ ስንጥቁን ይሸፍንልናል። ሙሽራው አንድ እርምጃ ና፤ ፌሮው ከራስህ ላይ የበቀለ መሰለ። ፋውንቴኑን ከሥር ወደ ላይ ካነሣነው ውኃ ያለው ይመስላል፤ የቀረውን ኤዲቲንግ ላይ እናስተካክለዋለን።» እንዲህ ያለውን ሊቅ ባለቤቱ ስለ ምን መሐንዲስ አድርጎ እንዳልቀጠረው ይደንቀኛል፤ የግቢውን ጉድለት ሁሉ መዝግቦ የያዘ ሌላ ሰው በዚያ አልነበረምና።

በዚህ መካከል አጎትየው ጠፉ። ስንፈልጋቸው፥ የክት ኮታቸውን እንደ ለበሱ፥ ከአበባው መደብ አጠገብ ቁጢጥ ብለው አረም ሲነቅሉ አገኘናቸው፤ የነቀሉትንም ሥሩን ወደ ላይ አድርገው በወግ በወግ ከምረውታል። አንድ የጥበቃ ሠራተኛ እየሮጠ መጥቶ «ጋሼ፥ አትክልት መንካት ክልክል ነው» አላቸው።

«አትክልቱን መች ነካሁ? የነካሁት የማይፈለገውን ነው።»

ነገሩ ወደ ሥራ አስኪያጁ ደረሰ። ሥራ አስኪያጁ ገና ለጋ፥ ጨዋና ፊቱ የደከመ ወጣት ነበር፤ ስለ ቀጭኔው ጆሮ ሲጠየቅ፥ የጥገና በጀት ለዋናው መሥሪያ ቤት ተጠይቆ ምላሽ እየተጠበቀ መሆኑን፥ በሌላ በኩል ግን በሚቀጥለው ዓመት ከቀጭኔው አጠገብ አዲስ ዝሆን ለማቆም ገንዘቡ መፈቀዱን በደስታ አበሠረን። አጎትየው ይህን ሲሰሙ በሶንጎ ላይ እንደሚያደርጉት ረጅም ዝም አሉና፥ «ዝሆኑ ጆሮው ትልቅ ነው፤ ሲወድቅ ሰው ይጎዳል» አሉ።

እዚህ ላይ ጥቂት ከመንገድ ልውጣ። ከብርድ አገር ወርዶ በሙቅ ስፍራ መዝናናት የቡሌው ሙሽራ የፈጠረው ልማድ አይደለም፤ እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍል ውኃ ወርደው፥ ስፍራው ቢያምራቸው አዲስ አበባ ብለው የሰየሟት መናገሻችን፥ እውነቱን ከተናገርን የመዝናኛ ሰፈር ሆና የተጀመረች ከተማ ናት። ከዚያ ወዲህ ሶደሬን በአዋሽ ዳር፥ ወንዶ ገነትን በፍልውኃው አጠገብ አየን፤ በ2012 ዓ.ም. የአንድነት ፓርክ በቤተ መንግሥቱ ግቢ ተከፈተ፤ በገበታ ለሀገር ጎርጎራ፥ ወንጪና ኮይሻ ተከተሉ። ሕንፃ ማቆም አቅቶን አያውቅም። የሚያስጨንቀኝ ከምረቃው በኋላ ያለው ሃያኛው ዓመት ነው፤ ያን ዓመት ሪባን ይዞ የሚጠብቀው ባለሥልጣን የለምና። ጥገና ከበሮ አያስመታም፤ ብሎን ሲጠብቅ ጋዜጠኛ አይጠራም፤ ግራሶ የተቀባ ኩሽኔታ በእብነ በረድ ላይ አይጻፍም።

አባቶቻችን ይህን ድካም ያውቁት ነበር። አዳም በገነት የተሾመው ሊዝናናባት ብቻ ሳይሆን ሊያበጃትና ሊጠብቃት መሆኑን ኦሪት ዘፍጥረት ይመሰክራል፤ ቤተ ክርስቲያንም ከቀዳሹና ከማኅሌታዩ ጎን ገበዝና ዐቃቤ ንዋይ የምትሾመው፥ ክዳኑ ሲያፈስ ዜማ እንደማይደፍነው ስለምታውቅ ነው። በዚያ ሪዞርት የሽያጭ ኃላፊ አለ፥ የሙዚቃ ኃላፊ አለ፥ የእንግዳ አቀባበል ኃላፊ አለ፤ ገበዝ ግን የለም።

ገበዝ የለም ማለቴ ግን ለጥቂት ጊዜ ብቻ ጸንቶ የቆየ ፍርድ ነው። ሚዜዎቹ ትልቁን ሽክርክሪት ለመሳፈር ተሰልፈው ሳለ፥ ቅባት የጠገበ ቱታ የለበሰ አንድ አዛውንት ቴክኒሻን ቺያቤውን በእጁ እንደ መስቀል ይዞ «አላስነሣም» ብሎ ቆመ። ሚዜዎቹ ለመኑት፤ ገንዘብ ዘረጉለት፤ ሥራ አስኪያጁ ሳይቀር «አንድ ዙር ብቻ፥ ለካሜራው» አለው። ኩሽኔታው አልቋል፥ ሲዞር ይጮኻል፥ አዲስ እንዲገዛ ከጠየቅሁ ሰንብቻለሁ፥ ሰው አልጭንም አለ፤ አበቃ። ወጣቶቹ ሰደቡት። እኔ ግን በልቤ የማውቀውን አንድ ነገር ለአጎትየው ነገርኳቸው።

በዓለም ላይ ስሙ የገነነው የመዝናኛ ፓርክ ዲዝኒላንድ በካሊፎርኒያ፥ በአናሃይም ከተማ፥ ሐምሌ 10 ቀን 1947 ዓ.ም. ሲከፈት፥ ያልደረቀው አስፋልት የወይዛዝርቱን ተረከዝ እየዋጠ፥ በቧንቧ ሠራተኞች አድማ ምክንያት የመጠጥ ውኃው ጎድሎ፥ ብዙ ውርደት ደርሶበት ነበር፤ ስሙን ያቀኑለት ከዚያ በኋላ እንግዳው በወጣ ቁጥር በሌሊት እየገቡ ሲቀቡ፥ ሲያጥቡና ሲጠግኑ የሚያድሩት ሠራተኞች ናቸው። በዚሁ ስፍራ በ1995 ዓ.ም. ማብቂያ፥ ነጎድጓድ ተራራ የተባለው የመዝናኛ ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ አንድ ወጣት ሲሞት ሌሎችም ቆሰሉ፤ የመንግሥት መርማሪዎች ምክንያቱን ሲያጣሩ ያገኙት በሚገባ ያልተፈጸመ ጥገና ነበር። ሀብትም፥ ዝናም፥ የቆየ ልማድም አላዳናቸውም።

አጎትየው ይህን ሰምተው ወደ ቴክኒሻኑ ሄዱ፤ በሁለት እጃቸው ጨበጡት፤ አጠገቡም በድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሙሽሮቹ በሐይቁ ዳር ፀሐይን በመዳፋቸው ለመያዝ ሲታገሉ፥ ሁለቱ ሽማግሎች ስለ ኩሽኔታና ስለ እንሰት ይጫወቱ ነበር። እንሰት ተተክሎ ለመፋቅ ብዙ ዓመት እንደሚፈጅ፥ በየጊዜው እየተነቀለ እንደገና እንደሚተከል፥ ቅጠሉ ተመልሶ የራሱን ምድር እንደሚያለብስ ሲነግሩት፥ ቴክኒሻኑ «ታዲያ መቼ ነው የሚጠናቀቀው?» ብሎ ጠየቀ። «ምኑ?» አሉ አጎትየው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ይኸው የእንሰት አገር፥ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር፥ በሪያድ በተደረገው ጉባኤ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሲጻፍ እርሳቸው ወሬውን የሰሙት ከጓሯቸው ሆነው ሲሆን፥ የጠየቁትም አንድ ጥያቄ ብቻ እንደ ነበር ሙሽራው አጫውቶኛል፤ «ከተጻፈ በኋላ ማረሙ ይቀርልናል ወይስ አይቀርም?» የዚያው አገር ትክል ድንጋዮች እንኳ፥ አንዳንዶቹ ከአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደ ቆሙ በቅርቡ የታተመ ጥናት ያመለከተ ሲሆን፥ ገሚሶቹ ወድቀው ሌሎቹ ዘመው፥ ቀና የሚያደርጋቸውን ሰው እየጠበቁ ነው፤ ድንጋይም ቢሆን ጠባቂ ይሻል።

ማምሻውን ወደ ደጋችን ተመለስን፤ ተፈሪ ኬላ ላይ ሹራቡ፥ ዲላ ላይ ቡሉኮው በየተራው ተለበሰ። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ለዚህ ወግ ያነሣሣኝ ነው። ፊልሙ ተሰናድቶ ሲመጣ የሙሽራው ቤተ ዘመድ ሁሉ በቡሌ ተሰብስቦ ተመለከተው፤ እኔም በዚያ ነበርኩ። ፋውንቴኑ ውኃ ይረጫል፤ ግድግዳው እንደ ትናንት የተቀባ ነው፤ የተሽከርካሪዎቹ ፈረሶች ጅራት በቅሎላቸዋል፤ ቀጭኔው ሁለት ያማሩ ጆሮዎች ይዞ በሙሽሮቹ ላይ ያጎነብሳል። ሕዝቡ በአድናቆት አጨበጨበ። አጎትየው ተነሥተው «ይህ ሐሰት ነው፤ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ፌሮ ነው ያለው» ብለው መሰከሩ፤ ነገር ግን በሶንጎ ላይ ቃላቸው የማይወድቅ እኚያ ሽማግሌ በቴሌቪዥን ፊት ተረቱ። «ጋሼ፥ ያን ቀን ደክሞዎት ይሆናል» አለቻቸው አንዲት የወንድማቸው ልጅ፥ በብዙ አክብሮት።

ይህችው ልጅ በመጪው ጥር ልታገባ ነው፤ ሎኬሽኑም እዚያው እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። አጎትየው መጀመሪያ አልሄድም ብለው ነበር፤ በኋላ ግን ሁለት ነገር ከተፈቀደላቸው እንደሚሄዱ አስታወቁ፦ አንደኛ፥ ለቴክኒሻኑ አንድ ሙክት እንዲጫንላቸው፤ ሁለተኛ፥ መኮትኮቻቸውን ይዘው በበሩ ሲያልፉ እንደ ካሜራ እንዳይከፈልበት። ሙሽሪት ሙክቱን ወዲያው ፈቅዳለች፤ ስለ መኮትኮቻው ግን ሪዞርቱ ስልክ ቢደወልለት፥ ለዋናው መሥሪያ ቤት ጽፎ ምላሽ እየጠበቀ መሆኑን ነግሯታል።