የልክፍት ፊልም እንዴት ይበላሻል? ለደባርቅና ለዳባት ጸሐፊዎች

በፍቅር ወይም በበቀል ስለተለከፈ ሰው ልብ አንጠልጣይ ፊልም ልትጽፍ ደባርቅ ወይም ዳባት ተቀምጠህ ከሆነ፣ ሥራውን ከሥሩ የሚያበላሽልህን መንገድ ልንገርህ። የተለከፈችውን ሴት ገና ስትገባ አሳብዳት። ዓይኗ ይፍጠጥ፣ ሙዚቃው ይጩህ። ተመልካቹ ለአንዲት ደቂቃ እንኳ «ይህ እኔም ላይ ደርሷል» እንዲል አትፍቀድለት።

ከፈቀድህለት «ፌታል አትራክሽን» በመጀመሪያው አጋማሽ ያለውን ኃይል ታገኛለህ። በ1987 እ.ኤ.አ. በወጣው በዚህ ፊልም ግሌን ክሎዝ የተጫወተቻት አሌክስ ስትጀምር ጭራቅ አይደለችም። ባለትዳሩ ሰውዬ ቅዳሜና እሑድን ከእሷ ጋር አሳልፎ ምንም እንዳልሆነ ወደ ሚስቱ ይመለሳል። እሷ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብላ መብራቱን ታበራለች፣ ታጠፋለች፣ ደግሞ ታበራለች። ሳይፈጸም የቀረ ቃል ሲጠብቅ የኖረ ሁሉ ይህችን ሴት ያውቃታል። ፊልሙን ትልቅ ያደረገውም ይህ ነው።

ስለዚህ አጨራረሱን ለሙከራ ተመልካች አሳልፈህ ስጥ። ሆሊዉድ ያደረገው እንዲህ ነው። በመጀመሪያ በተቀረጸው ፍጻሜ አሌክስ ራሷን ታጠፋለች፤ ቢላዋው ላይ የሰውዬው አሻራ ስላለ ፖሊስ እሱን ይይዛል። የሙከራ ተመልካቾች አልወደዱትም። ክሎዝ ብትቃወምም ፍጻሜው እንደገና ተቀረጸና ሚስትየዋ አሌክስን በሽጉጥ ገደለቻት። ገንዘቡ ጎረፈ፤ የባልየው ጥፋት ግን ከሟቿ ጋር ተቀበረ። ይህን ባየሁ ቁጥር እናደዳለሁ። አንድ ሰዓት ሙሉ እንዳዝንላት ያደረገኝ ፊልም መጨረሻ ላይ በሞቷ እንዳጨበጭብ ሲጠይቀኝ አላጨበጭብም።

ወንዱን ደግሞ እንዳትነካው። ከ«ፌታል አትራክሽን» በኋላ ስንቱ ፊልም እብዷን ሴት ወደ ሰው ቤት እያስገባ ሲነግድ ኖረ። በእኛ አገር ግን ተከትሎ የሚጠልፈው ወንድ ነው። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባት ከክስ ነጻ ያወጣው ነበር፤ ይህን ማምለጫ የዘጋው የ1996 ዓ.ም. ሕግ ነው። የዘረሰናይ ብርሃኔ ፊልም «ድፍረት» በ2014 እ.ኤ.አ. በሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ የተመልካቾችን ሽልማት ያገኘው ይህን ጉዳይ ያለ ጭራቅ፣ በፍርድ ቤትና በሽማግሌ ፊት አቁሞ ስላሳየ ይመስለኛል።

ስሜንን ለጌጥ ብቻ ተጠቀምበት። ድሮን አስነሳ፣ ጭላዳ አሳይ፣ ዋልያ ገደል ላይ ይቁም፤ ከዚያ ታሪኩን ከሎስ አንጀለስ አምጣ። አለበለዚያ ደረስጌ ማርያም ትዝ ይልሃል። የስሜኑ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ለራሳቸው ንግሥና ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ነው፤ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ግን ድል ያደረጋቸው ካሳ ዘውዱን እዚያው ጭኖ ቴዎድሮስ ተባለ። የሚወዳት ሚስቱ ተዋበች በ1850 ዓ.ም. ሞተችበት። ከዚያ ያገባው ጥሩወርቅን ነው፣ በእስር የያዛቸውን የውቤን ልጅ። አንድ ቀን ንጉሡ ሲገባ መዝሙረ ዳዊቷን እየደገመች ከመቀመጫዋ አልተነሳችም፣ ከሚበልጥ ንጉሥ ጋር እየተነጋገረች እንደሆነ ነገረችው ይባላል።

ሂችኮክ በ1958 እ.ኤ.አ. የሠራው «ቨርቲጎ» ከዚህ ንጉሥ ታሪክ ሩቅ አይደለም። ጄምስ ስቱዋርት የሞተችበትን ሴት ልብስና ጸጉር ሌላዋ ላይ ይጭናል። የሁለቱን ሴቶች ምስጢር ግን ሂችኮክ ፊልሙ ሳያልቅ ለተመልካቹ ይገልጥለታል፤ ከዚያ በኋላ የምንፈራው ለእሷ ነው። አንተ ምስጢሩን እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ደብቀው፤ ጥሩወርቅንም ዝም አሰኛት። ያኔ ፍርሃቱ የማንም አይሆንም።

በቀሉንም አጥብበው። በ1860 እ.ኤ.አ. የቴዎድሮስ ዘመድ የሆነው ሽፍታ ጋረድ የእንግሊዙን ቆንስል ፕላውደንን አስገደለ። በዚያው ዓመት ከጋረድ ጋር በተደረገው ውጊያ የንጉሡ ወዳጅ ጆን ቤል ሞተ። ቤል ሊቀ መኳስ ነበር፤ ሊቀ መኳስ ጠላት ንጉሡን እንዳይለይ እንደ ንጉሡ ለብሶ የሚሰለፍ ሹም ነው። ቴዎድሮስ የጋረድን ተከታዮች ደባርቅ ላይ አስፈጀ። ይህን ስትጽፍ ንጉሡን ወይ ቅዱስ ወይ አውሬ አድርገውና ተገላገል። እንደ እሱ ለብሶ ይሰለፍለት የነበረውን ወዳጁን ሬሳ ሲያይ ምን እንደተሰማው አትጠይቅ፤ ከጠየቅህ ግን እዘንለት፣ የታረዱትንም ሰዎች በየስማቸውና በየእናታቸው አምጣቸው። ሆሊዉድ እስካሁን ይህን ሁለቱንም በአንድ ፊልም የሚችል ጥቂት ሰው ብቻ ነው ያገኘው፤ የዳባት ልጅ ሊሞክረው ይችላል።