ቅጠል የለበሰው ምልክት

ለንደን ያረጀ ሰው በበሩ ቀዳዳ የሚወረወር ፖስታ ይፈራል። ወይ የሐኪም ቀጠሮ ነው፣ ወይ ፒሲኤን የሚሉት የመኪና ቅጣት። እኔ ሐኪሙን እመርጣለሁ።

ሰሞኑን የመጣብኝ ክስ «ሞተር ያለው ተሽከርካሪ አይገባም» የሚለውን ምልክት ጥሰሃል ነው። ታውቁታላችሁ፣ በቀይ ክብ ውስጥ ሞተር ሳይክል ከመኪና አናት ላይ የሚበርበት። የሰርከስ ማስታወቂያ እንጂ ክልከላ አይመስልም። ይሁን፣ እሱስ ይታወቃል። ግን እኮ መጀመሪያ መታየት አለበት!

ሄጄ አየሁት። የዛፉ ቅጠል እስከ አፍንጫው ሸፍኖት ከቀዩ ክብ የቀረችው የታችኛዋ ጠርዝ ብቻ ናት። ከሥሩ አንዲት ደቃቃ ሰሌዳ ከ8:15 እስከ 9:15 ትላለች፤ ተማሪ የሚገባበት ሰዓት መሆኑ ነው። እሷን ልፈልግ ወይስ መንገድ የሚያቋርጡትን ሕፃናት ልይ?

ከሳሼ፣ የአካባቢው ካውንስል፣ «ማስረጃ» ብሎ የምልክቱን ፎቶ ልኮልኛል። ጥርት ያለ ፎቶ! ለምን አይጠራ፣ ዛፉ ራቁቱን በቆመበት በጥር የተነሳ ነው። እኔ ያለፍኩት በሰኔ። ካሜራቸው የእኔን ታርጋ ከነጭቃው አንብቧል፤ ቅጠሉ ግን አልታየውም።

ቅጣቱ 160 ፓውንድ ነው፤ በ14 ቀን ውስጥ ለከፈለ 80። ተንኮሉ እዚህች ላይ ነው። እስከ ዳኛ ድረስ እከራከራለሁ ካልክ ቅናሹን እርሳው። ፖስታውን መሳቢያ ውስጥ ከተህ ዝም ካልክ ደግሞ 240 ይሆናል። ባለቤቴ «ከፍለህ ተገላገል» ትላለች፤ ስንቱ ሰው እውነት ይዞ በዚህች በ80 ፓውንድ አፉን ዘግቷል!

በአገራችን «በሕግ አምላክ» ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆም ነበር። ካሜራን ማን በሕግ አምላክ ይላል? ሕጉ ደግሞ የራሳቸው ነው። በፈረንጅ 1996 ያወጡት የትራፊክ ትዕዛዝ ደንብ፣ 18ኛው አንቀጽ፣ ክልከላውን ያወጣው አካል ነጂው የሚያውቅበትን በቂ ምልክት ማቆም አለበት ይላል። እነ ጆክ ኪኒርና ማርጋሬት ካልቨርት በእነሱ 1960ዎቹ እነዚህን ምልክቶች ሲነድፉ የደከሙት ነጂ በሩቁ እንዲለያቸው እንጂ ሐረግ እንዲያጌጥባቸው አልነበረም።

ልጄ አቤቱታዬን በኢንተርኔት ላከልኝ። ካውንስሉ «ምልክቱ ደንቡን ያሟላል» ብሎ መለሰው፤ ያችኑ የጥር ፎቶ አያይዞ።

አሁን የቀረኝ ገለልተኛው ዳኛ ነው። ክፍያ የለውም፤ ከፈለግህ በስልክም ይሰማሃል አሉኝ። የስልክ ሙግት! ሸማዬን አጣፍቼ፣ ፊት ለፊት ቆሜ፣ እጄን ወርውሬ ካልተከራከርኩ ምኑን ሙግት ሆነ? የቅጠሉንም ፎቶ ከነቀኑ አንስቼ አሳጥቤአለሁ።

ልጄ ይህን ሁሉ ሰምቶ ሲያበቃ፣ «እሺ አባዬ፣ ብቻ በመኪና እንዳትሄድ» አለኝ።