ይድረስ ለፍትሐዊ ንግድ ማኅተም

ክቡር ሆይ፤

በቡናው ከረጢት ላይ፣ በሰማያዊና በአረንጓዴ ኅብር መካከል፣ አንድ እጅዎን ወደ ላይ አንሥተው ሲታዩ ሕዝብ ሊባርክ የተሰየመ ጳጳስ ስለሚመስሉ፣ ይህችን ጦማር ለግርማዎ በሚገባው ትሕትና አቀርባለሁ። ድርጅትዎ እ.ኤ.አ. በ1997 በቦን ከተማ ከተቋቋመ ወዲህ ለድኻው ገበሬ የዋሉትን ውለታ አልክድም፤ የዓለም ገበያ ቢወድቅ እንኳ የታጠበ ቡና ሊሸጥበት የማይገባውን ዝቅተኛ ዋጋ ደንግገዋል፣ እርሱንም እ.ኤ.አ. በ2023 በፓውንድ ከ1.40 ወደ 1.80 ዶላር ከፍ አድርገዋል፣ በላዩም ለኅብረት ሥራ ማኅበሩ የ20 ሳንቲም ፕሪሚየም ጨምረዋል። ሚዛንዎ ፓውንዱንም ሳንቲሙንም አጥርቶ ያውቃል፤ እኔን ያስደነቀኝ የማያውቀው ነው።

በጌዴኦ ተዳፋት ላይ የቡና ፍሬ ሁሉ በአንድ ቀን አይቀላምና፣ ማኅተሙን ተከትሎ የሚወርደው የጥራት ትእዛዝም አረንጓዴውን ፍሬ ስለሚጸየፍ፣ የገበሬው ሚስት የለቀመችውን ዛፍ ሰንበት ብላ እንደገና፣ ከዚያም እንደገና ትመለስበታለች፤ እሸቱን በጀርባዋ ተሸክማ ወደ ማጠቢያው ታወርዳለች፤ በማድረቂያው አልጋ ላይ ጎንበስ ብላ የተሰበረውን፣ ነቀዝ የበላውን፣ የጠቆረውን በጣቷ እየለየች ትጥላለች፤ ቤቷ ስትገባም ውሃው ሳይቀዳ፣ እንሰቱ ሳይፋቅ ይቆያታል፤ እንሰት መፋቅ በአገሩ ልማድ የሴት ሥራ ነውና። ኦርጋኒክ የሚባለው የሥጋ ዘመድዎ የተደረበ እንደ ሆነ ደግሞ፣ የአረም መድኃኒት ክልክል ስለሚሆን፣ አረሙ በእጅ ይነቀላል፤ በማን እጅ ብለው አይጠይቁኝ።

በማኅበሩ መዝገብ ግን ብዙውን ጊዜ የሰፈረው የአባወራው ስም ነው። ጠቅላላ ጉባኤ ተቀምጦ ፕሪሚየሙ ለመንገድ ይዋል ወይስ ለትምህርት ቤት ተብሎ ድምፅ ሲሰጥ እጁን የሚያነሣው እርሱ ነው (ማንሣቱን ከእርስዎ ሳይማር አልቀረም)፤ የእርሷ እጆች በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ናቸው። ቸርነትዎ ወሰን የለውምና በመመሪያዎ ስለ ሴቶች ተሳትፎ አንቀጽ አኑረዋል፤ በአንቀጹም መሠረት ለሥልጠና ትጠራለች፣ ግማሽ ቀን ተቀምጣ ስለ እኩልነት ትሰማለች፣ መገኘቷን በአሻራዋ ታረጋግጣለች፣ የዚያንም ግማሽ ቀን ሥራ ሌሊት ትከፍላለች።

ስለዚህ አንዲት ልመና አለችኝ። መርማሪዎ ለቁጥጥር ሲወርድ፣ መዝገቡን ከመግለጡ በፊት ከንጋት እስከ ምሽት ከማድረቂያው አልጋ አጠገብ ይቁምና፣ ዋጋው ሲተመን የእርሷ ድካም በስንት ሳንቲም እንደ ተቆጠረ ጽፎ ይላክልን። ስለ እንግድነቱም ክብር ከአቦል እስከ በረካ ቡና ይፈላለታል፤ የምትቆላውም፣ የምትወቅጠውም፣ የምትቀዳለትም ያችው ናት። ያንን ሰዓት በየትኛው ዓምድ ያስገባው ይሆን?

በታላቅ አክብሮት፣
አንድ ቡና ጠጪ