መጥቶ የማይቀመጥ ዘመድ

እናንተ የኔ ቢጤዎች፣ ከመቀመጫችሁ ስትነሱ «እህህ» የምትሉ ሁሉ፣ እስቲ ፍረዱኝ። መስቀል ደረሰ ሲባል ድሮ ደስ ይለኝ ነበር፤ ዘንድሮ የሚነሳው ደም ግፊቴ ነው። ዘመዱ ሁሉ ከአዲስ አበባ ጎህ ሲቀድ ተነስቶ፣ ያን ሁሉ አገር በአንድ ቀን አቋርጦ፣ ማታ ቦንጋ ደጃፌ ላይ ክላክስ ያደርጋል። በአንድ ቀን! ምን አሳደደው?

በእኛ ጊዜ ከጅማ ቦንጋ መምጣት ራሱን የቻለ ወግ ነበር። ጭነት መኪና ላይ ከጨው ከረጢት ጋር ተጭነን፣ ጭቃ ሲይዘን ወርደን እየገፋን፣ ሲመሽብን ጫካ እያደርን ነው የምንመጣው። ጎጀብ ወንዝ እስክንደርስ ተሳፋሪው ተዋውቆ፣ ተጣልቶ፣ ታርቆ፣ አበልጅ ተባብሎ ያልቅ ነበር። አሁን ጎን ለጎን ተቀምጠው መጥተው ስም እንኳ አይጠያየቁም። (ባለፈው ጅማ ለሕክምና ስሄድ ሚኒባሱ ለሻይ ቢቆም ሾፌሩን ልክ ልኩን ነገርኩት። መንገደኛ እንዲህ ይጉላላል?)

ደግሞ አያድሩም። ድሮ ለካፋ ዘመን መለወጫ፣ ለማሽቃሬ ባሮ የመጣ ዘመድ መስቀልን ውሎ፣ ጥቅምትን አጋምሶ፣ በኅዳር ሚካኤል በልመና ነበር የሚሸኘው። አንድ ቁርበት ላይ ስንት ሆነን እንደምንተኛ አልነግራችሁም፣ አታምኑኝም። የሚያንኮራፋ አልነበረም። ዝናቡ የሚጥለው ሌሊት ብቻ ነበር። ቁንጫው እንኳ ጨዋ ነበር፣ እንግዳ አይነክስም። ዛሬ የገዛ የወንድሜ ልጅ፣ አጎቱ ቤት እያለለት፣ ሆቴል ይይዛል! ቦንጋ በ2014 ዓ.ም. የክልል መቀመጫ ከሆነች ወዲህ እንግዳ ማደሪያው በዝቷልና መረጠ ተመራረጠ። ምነው ስለው «ሙቅ ውኃ አለው» አለኝ። እኛ ወንዝ ወርደን ነበር የምንታጠበው፤ ቅዝቃዜ የሚባል ነገር አናውቅም። እኔ ቤት ያለው ማሞቂያ ለወገቤ ነው፣ እሱን እንዳታነሱብኝ።

ቅርጫውስ? በሬው ይታረድና ሥጋው ኮባ ቅጠል ላይ በየመደቡ ይደለደላል። ከጉበቱም፣ ከጨጓራውም፣ ከሽንጡም፣ ከጎድኑም ለሁሉም እኩል። አዛውንቶቹ ዙሪያውን ቆመው ከዚህኛው ቆንጥሮ ወደዚያኛው፣ ከዚያኛው ቆንጥሮ ወደዚህኛው ሲያመላልሱ ይረፍዳል። ከዚያ እያንዳንዱ ምልክቱን ይሰጣል፤ አንዱ እንጨት፣ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ የቡና ፍሬ። ምንም የማያውቅ ልጅ ይጠራና ምልክቱን በየመደቡ ላይ ያኖራል። ያ ልጅ ሁልጊዜ የኔው ታናሽ ወንድም ነበር፤ የሰባው መደብም ሁልጊዜ ለእኛ ቤት ነበር የሚደርሰው። እንዲህ ያለ ፍትሕ ዛሬ ከየት ይመጣል! አሁን ሥጋውን ሚዛን ላይ ይጥሉና በፌስታል ያንጠለጥሉልሃል።

ቆጮውም ተገዝቶ ይመጣል። ድሮ እናቴና አክስቶቼ እንሰቱን ራሳቸው ፍቀው፣ ጉድጓድ ቀብረው፣ በኮባ ጠቅልለው ይጋግሩት ነበር። አቤት ሲያስደስታቸው! እኔ ጥላ ሥር ተቀምጬ እያየሁ ምን ያህል ቀላል ሥራ እንደሆነ ይገርመኝ ነበር። የልጄ ሚስት ግን «ወገቤን» ትላለች። ወገብ ያላት እሷ ብቻ ናት?

ስለ ቡና ባላነሳ ይሻለኝ ነበር፤ ግን አልችልም። ይህ ካፋ ነው፣ ቡና በማንኪራ ጫካ ራሱ በቅሎ የሚገኝበት አገር። ጫካችንን ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. መዘገበው፤ ቡናውም እዚሁ ቦንጋ ሙዚየም ተሠራለት። የልጅ ልጄ እዚህ መጥታ ምን አዘዘች? ማኪያቶ! አቦል ቀርቦላት፣ ቶናው ሳይወርድ ተነስታ ሄደች፤ በረካውን ብቻዬን ጠጣሁት። እናቴ ቅቤና ጨው ጨምራ፣ ኮረሪማ አድርጋ ስታቀርበው ማን ደፍሮ ይነሳ ነበር? ዛሬ ቅቤ ሲሏቸው ስለ ኮሌስትሮል ያወራሉ። ሐኪሜም እንደዚያው ነው፤ እሱም ልጅ ነው።

ዝምድናም ቀረ። የአባቴን አጎት የልጅ ልጅ፣ የእናቴን እህት ምራት፣ እኔ ዘር ቆጥሬ እነግርሃለሁ። እነሱ ሁሉንም «አንክል» ብለው ያልፉታል። የጎረቤቴን ዘበኛም አንክል፣ እኔንም አንክል!

ደመራው ሲለኮስማ ጉድ ነው። ወደ የት በኩል እንደሚወድቅ ማየት ያባት ነው፤ እነሱ ግን ስልካቸውን ወደ ላይ አንስተው በስልኩ ያዩታል። እሳቱ እፊታቸው እየነደደ! አምና ጉልበቴ አሞኝ ስላልሄድኩ የልጅ ልጄ ቪዲዮውን ላከችልኝ። ደጋግሜ አየሁት። እጇ ይንቀጠቀጣል፣ የወደቀበት በደንብ አይታይም። ምን ዓይነት አቀራረጽ ነው? ለጎረቤቶቼም ልኬላቸው እነሱም ይኸንኑ አሉኝ።

እንግዲህ ዘንድሮ የምትመጡ ልጆች፣ ይህን ካነበባችሁ፣ በዋዜማው ድረሱ፣ ሆቴል የሚባል ነገር አልስማ፣ ቢያንስ እስከ ጥቅምት ተቀመጡ። ስትመጡም የስልኬን ቻርጀር ይዛችሁልኝ ኑ፤ ያንን ቶሎ የሚሞላውን።