አንበሳ በርካሽ

እማዬ፣ 

ስልክ እያለ ደብዳቤ የጻፍኩልሽ ወድጄ አይደለም። በስልክ ገና "ትኬት" ከማለቴ ታቋርጪኛለሽ። ደብዳቤ ደግሞ አይቋረጥም። ብትቆጪም የምትቆጪው አንብበሽ ስትጨርሺ ነው፤ እስከዚያ ቡናው ሦስተኛው ላይ ይደርስና ልብሽ ይራራል።

የአክስቴ ልጅ የነገረችሽ ግማሹ እውነት ነው። ቴአትር ቤት ገብቻለሁ። "ሁለት መቶ ዶላር ከፍሎ" ያለችው ግን ነጭ ውሸት ነው። "አንበሳ ካማረህ ስድስት ኪሎ አልነበረም ወይ? ያውም እውነተኛው፣ ያውም ባለ ጥቁር ጎፈሩ!" ያልሽኝ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። እውነትሽን ነው። የስድስት ኪሎው አንበሳ ግን አይዘፍንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምሠራበት ፓርኪንግ ከኒው ዮርክ ብሮድዌይ ቴአትር ቤቶች ሥር፣ መሬት ውስጥ ሦስት ፎቅ ወርዶ ነው። ሰዉ ምሽት አንድ ሰዓት ላይ መኪናውን ጥሎልኝ ይሄዳል፤ አራት ሰዓት ተኩል ላይ እያንጎራጎረ ይመለሳል። የብዙዎቹ እንጉርጉሮ አንድ ነው፤ "ዘ ላየን ኪንግ"፣ ንጉሡ አንበሳ እንደማለት። መጀመሪያ ፊልም ነበር። በፈረንጅ 1997 መድረክ ላይ ወጣ፤ ወረርሽኙ ቴአትር ቤቶቹን ከዘጋበት ጊዜ በቀር እስካሁን አልወረደም። አንቺ እኔን አዝለሽ ወፍጮ ቤት ስትመላለሺ እነሱ ሲዘፍኑ ነበር ማለት ነው።

አንድ ምሽት አንዲት ባልቴት ቁልፏን ስትቀበለኝ "ከየት ነህ?" አለችኝ። "ከኢትዮጵያ።" "ከአፍሪካ! እንግዲያውስ ይህን ቴአትር ስታይ አገርህ ትዝ ብሎህ ይሆናል።" እማዬ፣ በሌላ እጇ የዘረጋችልኝ ጉርሻ አምስት ዶላር ነበር። አምስት ዶላር ለዘረጋ ሰው "አላየሁትም" ይባላል? "እንባዬን መያዝ ነው ያቃተኝ" አልኳት። ከዚያ ወዲያ በመጣች ቁጥር ስለ ቴአትሩ ታወራኛለች፤ እኔም ራሴን እነቀንቃለሁ። አንድ ቀን ግን "ዘፈኖቹ ውስጥ ያለውን ዙሉኛ ተርጉምልኝ" ስትለኝ ነገሩ ከረረ። "የእነሱ የገጠር ነው፤ የእኛ ሰፈር አነጋገር ትንሽ ይለያል" ብዬ አመለጥኩ። በእኛና በዙሉዎቹ መካከል ግማሽ አፍሪካ እንዳለ አላወቀችም፤ እኔም አልነገርኳት።

ውሸቴ ሳይጋለጥ ቴአትሩን ማየት ነበረብኝ። በርካሽ።

ታይምስ ስኩዌር መሀል፣ 47ኛው መንገድ አጠገብ፣ ቀይ የመስታወት ደረጃ አለ። ቱሪስቱ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ፎቶ ይነሳል፤ እንደ እኔ ያለው ከሥሩ ይሰለፋል። እዚያ ቦታ ላይ ከ1973 ጀምሮ፣ ሳይሸጥ የቀረ የዚያኑ ቀን ትኬት ከ20 እስከ 50 በመቶ ተቀንሶለት ይሸጣል። ሲመሽ የቲማቲም ዋጋ እንደሚጥሉት የጉሊት ሴቶች በይው። አንቺ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት ጉሊት አትወጪም አይደል? ይህ ሕዝብ ያንቺን ዘዴ ነው የወሰደው።

ሰልፉ አላስፈራኝም። ለዘይትና ለስኳር ቀበሌ በር ላይ ያደግኩ ልጅሽ ነኝ። ያስቸገረኝ ወረፋ መያዣው ነው። እንደ አገሬ ድንጋይ አስቀምጬ ቡና ልጠጣ ብል ድንጋይ የለም፤ ቦርሳዬን አስቀምጬ ብሄድ ደግሞ ፖሊስ ይከበዋል። ሁለት ሰዓት ቆሜ መስኮቱ ጋ ስደርስ በሰሌዳው ላይ የሰው ትርኢት ሁሉ ተዘርዝሯል፤ አንበሳው የለም። ጥሩ ቲማቲም እስከ ምሽት አይቆይማ! ያን ያህል ቆሜ ባዶ እጄን መመለስ አሳፈረኝና በግማሽ ዋጋ ሌላ ገዛሁ። ዘፈን የለውም። ሦስት ሰዎች ሶፋ ላይ ተቀምጠው ስለ ፍቺ ተከራከሩ፤ እኔ ተኛሁ። ያንን እንቅልፍ ቤቴ በነጻ እተኛው ነበር።

ቀጥሎ ዕጣ ሞከርኩ። እዚህ አገር ብዙ ቴአትር ቤቶች ጥቂት ወንበር በዕጣ በርካሽ ይሰጣሉ። ልማዱን ያስጀመረው በ1996 "ሬንት" የሚባል ቴአትር ነው ይባላል። ሬንት ማለት ኪራይ ነው። ከፊት ያሉትን ሁለት ረድፎች በ20 ዶላር ሲሸጥ፣ ወጣቱ ትኬቱን ለማግኘት አስፋልት ላይ ማደር ጀመረ። "ኪራይ"ን ለማየት ጎዳና ማደር! ኋላ ሰልፉ ቀርቶ ዕጣ ሆነ። "ሃሚልተን" የሚባለው ደግሞ ዕጣው 10 ዶላር ነው፤ ምክንያቱም የአሥር ዶላሩ ኖት ላይ ያለው ሰውዬ ራሱ ሃሚልተን ነው። ከካሪቢያን ደሴት መጥቶ የአሜሪካ የመጀመሪያው የገንዘብ ሚኒስትር የሆነ ስደተኛ። ለስደተኛ ያዝናል ብዬ ስሜን አስገባሁ። አላዘነም።

እማዬ፣ ዲቪ የሞላሁት አንዴ ብቻ እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ያውም በፎቶው ላይ አንድ ዓይኔ ተጨፍኖ። ደረሰኝ። ሰፈሩ ሁሉ "ዕድለኛው" እያለ ጠራኝ። ያ ዕድሌ ቦሌ ላይ ሳይሳፈር የቀረ ይመስለኛል። የአንበሳውንም የሌሎቹንም ዕጣ ሁለት ወር ሙሉ ሞላሁ፤ ሁለት ወር ሙሉ "አልደረሰህም" የሚል ትሁት ኢሜይል ተላከልኝ። እንደዚህ በትሕትና የሚከለክል አገር አይቼ አላውቅም።

አንድ ቀን የአንበሳው ደረሰኝ። ደንቡ፣ ዕጣ የወጣለት ሰው በ60 ደቂቃ ውስጥ ካልከፈለ ወንበሩ ለሌላ ያልፋል። ኢሜይሉ ሲላክ እኔ መሬት ውስጥ ሦስተኛው ፎቅ ላይ የአንድ ሐኪም መኪና ከግድግዳ ጋር እያስታረቅኩ ነበር። እዚያ ኔትወርክ የለም። ለምሳ ስወጣ ስልኬ ጮኸ። 72ኛው ደቂቃ ላይ።

አብሮኝ የሚሠራ የጎንደር ሰው አለ፤ እዚህ ሃያ ዓመት ኖሯል። ፊቴን አይቶ ጠየቀኝና ሁሉን ነገርኩት። "ስማ፣ ደላላውን ሁሉ ስትዞር ባለቤቱን ጠይቀህ ታውቃለህ?" አለኝ። ለካ በኢንተርኔት ሲገዛ "አገልግሎት" እያሉ የሚጨምሩት ሒሳብ አለ፤ ቴአትር ቤቱ መስኮት ላይ የለም። ወሩንም መረጠልኝ፤ የካቲት ይሁን፣ ፈረንጅ በዓሉን ጨርሶ ኪሱ የተራቆተበት፣ ብርዱም ቱሪስቱን ያባረረበት። ቀኑ ማክሰኞ ይሁን። ደግሞ ብቻህን ግባ፤ ጎን ለጎን ሁለት ወንበር ፈላጊው ብዙ ነው፣ ከመሀል የተረፈውን ነጠላ ወንበር ግን ማንም አይጠይቀውም። "አለማግባትህ እንኳ አንድ ቀን ጠቀመህ" ብሎ ሳቀብኝ። (ይህችን መስመር ለጎረቤት ጮክ ብለሽ አታንብቢ።)

ቴአትር ቤቱ ሚንስኮፍ ይባላል፤ 45ኛው መንገድ ላይ ነው። ከሥራ ቦታዬ በእግር አራት ደቂቃ። መስኮቱ ላይ ያለችውን ልጅ "ርካሹን" አልኳት። "የመጨረሻው ረድፍ ነው፣ ጥግ ነው፣ አንዱ ጎን በትንሹ ይከለላል" አለችኝ። ልጅሽን ታውቂዋለሽ፤ "የመጨረሻው ዋጋ ስንት ነው?" አልኳት። ሳቀች እንጂ አልቀነሰችም። ቢሆንም ከአንድ ቀን ደመወዜ አነሰ። ስንት እንደሆነ አልነግርሽም፤ በብር ታባዢዋለሽ።

ከ1,600 በላይ ወንበር ያለው አዳራሽ ነው፤ ከእኔ ኋላ ግድግዳ ብቻ አለ። ትርኢቱ ሲጀምር እንስሳቱ በመድረክ በኩል ብቻ አይደለም የሚመጡት፤ በተመልካቹ መሀል ባለው መተላለፊያ ይነጉዳሉ። ከታች ውድ የከፈለው ሕዝብ እልል ሲል ይሰማኛል፤ ሰገነቱ ጋርዶኝ ምንም አላይም። ዝሆኗን፣ አራት ሰው ውስጧ ገብቶ የሚያስኬዳትን፣ መጀመሪያ ያየኋት በጀርባዋ ነው። ቀጭኔዎቹ ግን አልቀሩብኝም። እጁም እግሩም ላይ ረጃጅም እንጨት ያሰረ ሰው ቀጭኔ ሆኖ ሲራመድ አየሁ። ቀጭኔ ለኋላ ወንበር ሰው የተፈጠረ እንስሳ ነው።

አዘጋጇ ጁሊ ቴይሞር ትባላለች። በዚህ ሥራዋ በ1998 በሙዚቃዊ ቴአትር ዝግጅት የቶኒ ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆናለች፤ ከሩቅም ቢሆን ለምን እንደሆነ ገባኝ። የአንበሳው ጭንብል ፊት ላይ አይደለም፤ ከራስ በላይ ነው። የሰውየው ፊት ከሥሩ ይታያል። አንበሳውን ልይ ወይስ ሰውየውን እያልኩ ተቸገርኩና ጥቂት ቆይቶ ሁለቱን አንድ ላይ ማየት ለመድኩ። ሲቆጣ ጭንብሉ ወደ ፊቱ ዝቅ ይላል። ልክ አንቺ መነጽርሽን አፍንጫሽ ላይ አውርደሽ ስታዪኝ።

አባትየው አንበሳ ሲሞት አለቀስኩ። አጠገቤ የተቀመጠ ሕፃን አይቶኝ ከረሜላ ሰጠኝ። ለባልቴቷ የዋሸሁት እንዲህ ሆኖ እውነት ሆነ።

እሷም ባለፈው ሳምንት መጣች። "ዝሆኗን ታስታውሳታለህ?" አለችኝ። "ከኋላዋ አስታውሳታለሁ" አልኳት። እስክትንፈራፈር ሳቀች፤ እሷም በወጣትነቷ ከመጨረሻው ረድፍ ነበር አሉ የምታየው። ጉርሻው ወደ አሥር አደገ። ስዘረጋው ሃሚልተን ነው። በመጨረሻ ደረሰኝ።

አሁን የምጠይቅሽ አለኝ። ከቴአትሩ ስወጣ ትዝ ያለኝ ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት ያለው ትልቁ አንበሳ ነው። አባዬ፣ ነፍሱን ይማርና፣ "እዚያ አንበሳ ሥር አንድ ሰዓት ሙሉ አስጠብቃኛለች" ሲል አንቺ "ወሬኛ፣ እኔ መቼ ቴአትር እወዳለሁ!" ብለሽ ጓዳ ትገቢ ነበር። ለመሆኑ ያን ቀን ትኬቱን በስንት ገዛው? ከፊት ነው ያስቀመጠሽ ወይስ እንደ እኔ ከኋላ? በስልክ አትንገሪኝ፤ በስልክ ትክጂኛለሽ። ጻፊልኝ።

ናፋቂ ልጅሽ

ሳልረሳው፦ ከደብዳቤው ጋር የቴአትሩን መጽሔት ልኬልሻለሁ። እንዳትቆጪ፤ በር ላይ ለገባው ሁሉ በነጻ ነው የሚያድሉት። ሁለት ነው የወሰድኩት። በርበሬ መላኩን ደግሞ አደራ።