መለዋወጫው መንገድ ላይ ነው

ዋስትና ያለው አዲስ መኪና የገዛ ሰው የታደለ ነው። ቢበላሽበት ሰባራ ሳንቲም አያወጣም። የሚያወጣው ጊዜውን ብቻ ነው፤ ጊዜ ደግሞ በአገራችን ገና ታክስ አልተጣለበትም።

አዲስ አበባ ውስጥ በባንክ ብድር የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቶ የራይድ ሥራ የጀመረ አንድ ጎልማሳ ይህን ጸጋ በሚገባ ቀምሶታል። አንድ ቀን ጠዋት መኪናው አልነሳም ሲለው አስጎትቶ ወደ ሻጩ ጋራዥ ወሰደው። አቀባበሉ የሚያስመሰግን ነበር። ልጅቷ የሻንሲ ቁጥሩን መዘገበች፣ ቡና አስመጣችለት። ቴክኒሻኑም ኮምፒዩተሩን ሰክቶ የተበላሸውን ዕቃ በሩብ ሰዓት ለይቶ ነገረው። “ምንም አያስቡ ጋሼ፤ በዋስትና ይሸፈናል፣ ዕቃው ታዝዟል” ተባለ።

በወሩ ሲደውል ዕቃው መርከብ ላይ ነው። ቆይቶ ሲደውል ጅቡቲ ደርሷል። ሌላ ጊዜ ሲደውል ጉምሩክ ገብቷል። ዕቃው ከባለመኪናው የበለጠ አገር አየ። መኪናው ግን ከግቢው ጥግ ንቅንቅ አላለም፤ አቧራ በጠጣው መስታወቱ ላይ አንዱ የጋራዥ ልጅ በጣቱ “እጠቡኝ” ብሎ ጽፎበታል።

ባንኩ ይህን ሁሉ ጉዞ አልሰማም፤ ወር በገባ ቁጥር ክፍያውን ይቆርጣል። የዋስትናው ዘመንም መቁጠሩን አላቋረጠም። መኪናው ቆሟል፣ ዋስትናው ይሮጣል።

ጥፋተኛ ከተፈለገ ሞልቷል። የውጭ ምንዛሪ አለ፣ ቀይ ባሕር አለ፣ ጉምሩክ አለ። የሚገርመው ያው ባሕር፣ ያው ወደብና ያው ጉምሩክ አዲስ መኪና ሲሆን መንገድ መልቀቃቸው ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪኮቹ ብዛት በየመንገዱ የሚታይ ነው። አስመጪው ሙሉ መኪና የሚጭንበት ቦታ አያጣም፤ ቦታ የሚጠበው ለአንዲት ካርቶን መለዋወጫ ነው። ይህም ይገባል፦ መኪናው ይሸጣል፣ የዋስትናው ዕቃ ግን በነፃ ይሰጣል።

ፎልክስዋገን አይዲ 6ን ይመልከቱ። ፋብሪካው ያሰናዳው ለቻይና ገበያ ብቻ ነው። እኛ ግን በቻይንኛ የሚያወራ ስክሪኑን እንደያዘ አስገብተን ቦሌ ላይ እንነዳዋለን። እዚህ ያለው ዋስትና እንግዲህ የአስመጪው ቃል ነው፤ የቃሉም ክብደት የሚለካው በመጋዘኑ መደርደሪያ ላይ ባለው ዕቃ ልክ ነው።

በዚህ መሐል ዕድሜው 40 የደፈነ፣ የዋስትና ደብተር በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ኮሮላ ዲኤክስ ጠዋት ቢበላሽ ባለቤቱ ሶማሌ ተራ ብቅ ይላል፣ ተከራክሮ ዕቃውን ይገዛል፣ ከሰዓት ሥራ ይገባል። ባለዋስትናው እንዲህ ያለ ብልግና አይፈቀድለትም። መኪናውን ውጭ ካስነካ ዋስትናው ይፈርሳል፤ ያ ከፈረሰ ደግሞ ምን ተስፋ አድርጎ ይጠብቃል?

ሕግ የለም እንዳይባል አዋጅ ቁጥር 813/2006 አለ። ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል ይላል። 15 ቀን ግን የመኪናው ወንበር ላስቲክ እንኳ ሳይነሳ ያልፋል። በካሊፎርኒያ ሕግ ዕቃው ለዋስትና ጥገና ከገዢው እጅ የወጣበት ጊዜ በዋስትናው ዘመን ላይ ይጨመራል። ይህን ለመጻፍ ዶላርም መርከብም አያስፈልግም፤ አንድ አንቀጽ ይበቃል።

አንቀጹ እስኪመጣ መኪና ሊገዙ ያሰቡ አንባቢ ከመፈረምዎ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ የመለዋወጫ መጋዘኑን ያሳዩኝ፤ መኪናው ዕቃ ሲጠብቅ የሚቆምባቸው ቀናት በዋስትናው ላይ እንደሚጨመሩ ውሉ ላይ ይጻፉልኝ። ሻጩ ሳቅ ካለ ገንዘብዎን ይዘው ይመለሱ።