ያልተከፈተ ካርታ

ዱከም የሚኬደው ለሥጋ ነው። ከአዲስ አበባ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ተነድቶ፣ የተሰቀለው ሰንጋ ፊት ተቁሞ፣ «ከሻኛው ጨመር አድርግ፣ ጎድኑን እንዳትረሳ» ይባላል። እኔም ባለፈው ቅዳሜ ለዚሁ ሄጄ ነበር። የጋበዘኝ ወዳጄ ግን ገና ሁለተኛውን ጉርሻ አዋዜ ሳያስነካ፣ ሥጋ ኋላቀር ሀብት መሆኑን አስረዳኝ። ይሰቀላል፣ ይቆረጣል፣ ይበላል፤ አለቀ። «እኔ ገንዘቤን የማስቀምጠው የማይከፈት ነገር ላይ ነው» አለኝ፣ ጮማውን እየቆረጠ።

ሰውየው ቃሉን ያከብራል። ሳሎኑ ያለው ሶፋ ከሱቅ የመጣበት ላስቲክ እስከ ዛሬ አልተነሳለትም፤ እንግዳ ሲቀመጥበት ይንኮሻኮሻል፣ በሙቀት ቀን ያጣብቃል፣ ግን አዲስ ነው። ግቢው ውስጥ የቆመችው መኪናም እንዲሁ ናት። እሱ በሚኒባስ ይጋፋል፣ እሷ ሸራዋን ለብሳ ዋጋ ትጨምራለች። በ2016 ዓ.ም. ነዳጅ የሚጠጣ የቤት መኪና እንዳይገባ ሲከለከል፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ደግሞ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ ወዳጄ ከአልጋው ሳይወርድ ባለጸጋ ሆነ። እውነቱን ለመናገር፣ ብሩ እጅ ላይ በሚሟሟበት ጊዜ ሰው ቆርቆሮም ቢያቅፍ አልፈርድበትም። የምፈርደው ቆርቆሮ ማቀፉን ሊቅነት ሲያደርገው ነው።

ፈረንጆቹ እዚህ ጥበብ ላይ ዘግይተው ነው የደረሱት። ፖኪሞን የሚባል የልጆች የካርታ ጨዋታ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1996 ጃፓን ውስጥ የተጀመረ። አንዱ ካርቶን 36 እሽግ ይይዛል። ልጅ ሆዬ እሽጉን ቀዶ የደረሰውን ያያል፣ ከጓደኛው ጋር ይለዋወጣል፣ ይጫወታል። አሁን ትልልቆቹ ገቡበትና ካርቶኑን እንደታሸገ መደርደሪያ ላይ ያኖሩት ጀመር። የተከፈተ ካርታ መጫወቻ ነው፤ ያልተከፈተው ጥሪት። ሎጋን ፖል የተባለው የዩቲዩብ ሰው እንዲህ ያሉ ካርቶኖች የታሸጉበትን ሣጥን በ3.5 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ ትክክለኛ ነው ተብሎም ተመስክሮለት ነበር። በጥር 2014 ዓ.ም. ተከፍቶ ሲታይ ግን ውስጡ የነበረው ጂ አይ ጆ የሚባሉት የአሻንጉሊት ወታደሮች ካርታ ነው። ዓለም አጭበርባሪውን ረገመ። ወዳጄ ታሪኩን ስነግረው ጥፋተኛውን ወዲያው ለየ፤

«ማን ክፈተው አለው?»

በአማርኛ የጨዋታውም ካርታ የመሬቱም ካርታ አንድ ስም መያዛቸው እንግዲህ በከንቱ አይደለም። ከሥጋ ቤቱ ትንሽ ወጣ ሲባል ወዳጄ በቆርቆሮ ያጠረው 1,000 ካሬ አለው። ውስጡ ምንም የለም፤ የተወደደውም ለዚህ ነው። የሊዝ አዋጁ፣ 721/2004፣ በተባለለት ጊዜ ያልገነባ ይነጠቃል ስለሚል፣ በየጊዜው አንድ ቢያጆ ድንጋይ ይራገፍበታል። ድንጋዩ ለግንባታ አይደለም፤ የካርቶኑ ስኮች ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላልሳ? አንድ ደላላ ጠየቅሁ። «ጋሼ፣ መሬቱን ማን ሸጠ? የሚሸጠው አጥሩ ነው» አለኝ። እንዲህ ያለ ውድ ቆርቆሮ በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም።

ይህ መሬት በፊት ባለጌ እጅ ላይ ነበር፤ በየዓመቱ በሞፈር ይከፈት ነበር። የአዳአ ጥቁር አፈር ነዋ፣ ነጭ ጤፍ የሚያበቅለው። የደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል በ1998 ዓ.ም. ቁንጮ የተባለውን የጤፍ ዝርያ የለቀቀው ከዚሁ ከጎረቤት ሆኖ ነው። ገበሬ ከመሬቱ ሲነሳ አዋጅ 455/1997 ካሳውን ያሰላለት የነበረው በአምስት ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢው አሥር እጥፍ ነው፤ በኋላ የመጣው 1161/2011 ወደ አሥራ አምስት እጥፍ ከፍ አደረገው። ገበሬው እንግዲህ የሚከፈለው ስላረሰ ነው፤ ወዳጄ የሚከፈለው ስላላረሰ። የመጀመሪያው ሂሳብ በኩንታል ስለሚሠራ ልክ አለው። ሁለተኛው በተስፋ ስለሚሠራ ጣሪያ የለውም።

ዱከም ላይ ይህ ያልገባቸው ቻይናዎቹ ናቸው። ምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን ገብተው መሬቱን ከፈቱት! ሁዋጂያን የሚባለው ኩባንያማ በ2004 ዓ.ም. ጫማ ሲሰፋበት ተገኘ። ማሽን ተከሉ፣ ሠራተኛ ቀጠሩ፣ ፈረቃ አወጡ። ከዚህ በኋላ ያንን መሬት ማን «ያልተነካ» ብሎ ያስማማል?

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለውን አያቶቻችን ለሽሙጥ የተናገሩት ይመስለኝ ነበር። ለካ የኢንቨስትመንት ምክር ኖሯል። ላሚቱ ምድር ብትወርድ ትታለባለች፤ ከታለበች ደግሞ ያገለገለች ትባላለች።

ከምሳ በኋላ ወዳጄ ሀብቱን ሊያሳየኝ ወሰደኝ። የበሩ ቁልፍ ዝጎ ኖሮ ጥበቃው በድንጋይ ቀጥቅጦ ከፈተልን። ሣሩ ወገብ ይደርሳል፤ ከቢያጆው ድንጋይ ላይ እንሽላሊት ፀሐይ ይሞቃል። ከጥበቃው ጎጆ ጥግ ግን፣ አራት መደብ ሽንኩርት አምሮበት በቅሏል። ወዳጄ ካርቶኑ የተቀደደበት ያህል ክው አለ።

«ማን ፈቀደልህ? ገዢ ቢመጣ ምን ይለኛል? ንቀልልኝ ይሄን!»

ጥበቃው ባርኔጣውን አወለቀ። «እሺ ጋሼ፣ ሁለት ሳምንት ብቻ ይታገሱኝ፤ እኔም ልነቅለው ነው የተከልኩት።»